ለአስፋልቱም ለእንጦጦም የሚሆን አንድ ጫማ አለ ወይ?

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ ያነሳሁት ነሐሴ ውስጥ ነው፤ ጫካ ውስጥ ወድቄ በተመለስኩ ማግስት። የጻፍኩት ይኸው ነበር።

ቤቴ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ለሩጫ እወጣለሁ። መጀመሪያ ኮብልስቶን አለ፣ ቀጥሎ ዳገታማው አስፋልት። ሁለቱ ተደምረው ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። ከዚያ ወደ እንጦጦ ጫካ እታጠፋለሁ። እዚያ ቀይ አፈር ነው፣ ከመሬት የወጣ የባሕር ዛፍ ሥር፣ ድንጋይ፣ በክረምት ደግሞ ጭቃ። አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ዞሬ በመጣሁበት እመለሳለሁ። የምሮጠው በአስፋልት ጫማ ነው። ሶሉ ልሙጥ ነው ማለት ይቻላል። ባለፈው ቁልቁለት ስወርድ እርጥብ ቅጠል ላይ አዳለጠኝና ወደቅሁ፣ የግራ መዳፌ ተላጠ። ከጓደኛዬ የጫካ ጫማ ተውሼም ሞክሬያለሁ። ጭቃውን ቆንጥጦ ያዘልኝ። አስፋልቱ ላይ ግን በየእርምጃው እግሬ ሥር ጠጠር ያለ ይመስለኝ ነበር። አሁን ባለው ዋጋ ሁለት ጫማ መግዛት አልችልም። ሁለቱንም የሚችል አንድ ጫማ አለ ወይ? ካለስ በምን አውቀዋለሁ?

ከሃያ በላይ መልስ መጣ። ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ በተራ ቁጥራቸው አስቀምጬዋለሁ።

1ኛው መልስ ትሁት ነበር። ጸሐፊው እንዲህ ዓይነት ጫማ በእርግጥ እንዳለና ፋብሪካዎቹም ከመንገድ ወደ ጫካ የሚሻገር ብለው ለይተው እንደሚሠሩት ነገረኝ። የናይኪ ፔጋሰስ ትሬይልን እና የሆካ ቻሌንጀርን በምሳሌነት ጠቀሰ። ልዩነቱ ከሶሉ ሥር ያሉት ጥርሶች ናቸው፤ ኳስ ተጫዋቾች ታኬታ የሚሉት ዓይነት። ለሁለቱም የሚሆነው ጫማ ጥርሱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል አለ። እንደ ሳሎሞን ስፒድክሮስ ያለው ለጭቃ የተሠራ ጫማ ከዚያ ይረዝማል፤ የተዋስኩትም የዚያ ዘር ሳይሆን እንደማይቀር ገመተ። ልክ ነበር።

2ኛዋ በዚህ ተስማማችና አንድ ነገር ጨመረች። ርዝመቱ ብቻ አይበቃም፣ በጥርሶቹ መሃል ያለውን ክፍተትም እዪ አለችኝ። ተጠጋግተው የተተከሉና አናታቸው ጠፍጣፋ የሆኑ ጥርሶች አስፋልት ላይ አንድ ወጥ ሶል ይመስላሉ። ጭቃ ላይ ግን መሃሉ ይሞላል። አንዴ ከሞላ ጥርሱ ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም፣ እግርም እንደ ጡብ ይከብዳል። ተራርቀው የተተከሉት ደግሞ ጭቃውን በየእርምጃው ያራግፋሉ፣ ግን አስፋልት ላይ ይቆረቁራሉ። የተዋስኩት ጫማ ለምን እንደቆረቆረኝ የገባኝ ያኔ ነው። ክብደቴ ሁሉ ጥቂት ነጥቦች ላይ ነበር የሚያርፈው።

3ኛው በቁጣ ገባ። ስለ ሚሊ ሜትር የሚያወራ ሰው ሩጫ እንደማይገባው፣ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ እንዳሸነፈ፣ የዛሬ ልጅ ግን ያለ ውድ ጫማ ከበር እንደማይወጣ ጻፈ።

4ኛው አረመው፤ በጨዋነት ነበር። አበበ በ1960 ሮም ላይ ጫማውን ያወለቀው ጫማን ንቆ አይደለም፤ የቀረበለት ጫማ እግሩን ስላልተመቸው ነው፣ በባዶ እግሩ መሮጥም ልምምድ ላይ የለመደው ነበር አለ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ግን ጫማም ካልሲም አድርጎ፣ ያውም የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሮጦ ደገመው። ታሪኩን አሳጥረን ለክርክር ባንጠቀምበት ጥሩ ነው ሲል ደመደመ።

5ኛው መልስ ያው የ3ኛው ሰው ነው። ነጥቡ እግር ከጫማ ይበልጣል የሚል እንደነበር ገልጾ፣ የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚ እናቶች ያንን ቁልቁለት ያለ ምንም ጫማ እንደሚወርዱት በምስክርነት አቀረበ።

6ኛዋ ለዚህ ስትመልስ ውይይቱ ውስጥ ያለነው ሁሉ ዝም አልን። እናቷ ለብዙ ዓመት ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ እየወረደች እንዳሳደገቻት ጻፈች። እናቷ በፕላስቲክ ጫማ የምትሄደው ሌላ መግዛት ስለማትችል ብቻ ነበር። ማታ ማታ የእናቷን የተሰነጠቀ ተረከዝ በሞቀ ውሃ ዘፍዝፋ ቫዝሊን የምትቀባው እሷ ነበረች። ስንጥቁ ውስጥ የገባውን ቀይ አፈር በመርፌ ታወጣ ነበር። ያንን እግር እንደ ጀግንነት ማስረጃ አታቅርበው አለችው። እኔም እዚያው ሥር አመሰገንኳት። ያንን መንገድ በየሳምንቱ እሮጥበታለሁ፣ እነዚያን እናቶችም በየጊዜው መንገድ ለቅቄ አሳልፋቸዋለሁ።

7ኛው ወደ ጉዳዩ መለሰን። ሱሉልታ አካባቢ ወጣት ሯጮችን የሚያሠለጥን ሰው ነው። አነጋገሩ እርጋታ ነበረው፣ እኔንም እህቴ እያለ ነው የጻፈልኝ። ሯጮቹ ልምምዳቸውን በመሬት ዓይነት እንደሚከፋፍሉ አስረዳ። የአስፋልት ቀን ለብቻው ነው፤ በማለዳ በመኪና ወደ ሰንዳፋ በኩል ወጥተው ይሠሩታል። ቀለል ያለው ቀን ጫካ ውስጥ ነው። ተከታትለው በዛፎቹ መሃል እየተጠማዘዙ ይሮጣሉ፤ ለስላሳው መሬት ለእግር እረፍት ነው። የጫካ ጫማ ያላቸው ግን ጥቂቶች ናቸው አለ። አብዛኞቹ በዚያው በተራ መለማመጃ ጫማ ነው ጫካ የሚገቡት። ስለዚህ ጥያቄዬን በመንገድ ሳይሆን በወቅት እንድከፍለው መከረኝ። በበጋ መሬቱ ደረቅ ስለሆነ የአስፋልት ጫማዬ ይበቃኛል። የሚያስቸግረኝ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ነው።

ይህ መልስ አስተሳሰቤን ለወጠው። እስከዚያ ድረስ ስንት ኪሎ ሜትር አስፋልት፣ ስንት ኪሎ ሜትር ጫካ እያልኩ ነበር የማሰላው።

8ኛዋ ግን በበጋውም ነገር አልተስማማችም። ጥር ላይ የእንጦጦ ቁልቁለት አቧራና ጠጠር ብቻ ስለሆነ፣ በልሙጥ ሶል መውረድ የፈሰሰ ሽምብራ ላይ እንደ መሄድ ነው አለች። እሷም የወደቀችው በጠራራ ፀሐይ ነው። አሠልጣኙ 10ኛ መልሱ ላይ ልክ ነሽ ብሎ አመነላት፤ የእሱ ልጆች ቀላል ስለሆኑና ቁልቁለቱን በአጭር እርምጃ ስለሚወርዱት ረስቶት እንደነበር ጨመረ።

9ኛው ጫማ ፋብሪካ ውስጥ የሠራ ሰው ነው። ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ እሱ ነው ብል አላጋነንኩም። ሁሉም ስለ ጥርስ ሲያወራ እሱ ስለ ጎማው ጻፈ። ለስላሳ ጎማ እርጥብ ድንጋይ ላይ ሙጭጭ ብሎ ይይዛል፣ አስፋልት ግን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ጠንካራ ጎማ አስፋልት ላይ ዕድሜው ይረዝማል፣ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ግን ያዳልጣል። ሁለቱንም እኩል የሚችል ጎማ የለም፤ ፋብሪካው ሁሌም የሆነ ቦታ ላይ ይደራደራል። እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ጥርስ ምንም እንደማይረዳም ነገረኝ። ጥርስ የሚሠራው የሚቆነጥጠው ለስላሳ መሬት ሲያገኝ ነው። ድንጋዩን የሚይዘው ጎማው ራሱ ስለሆነ፣ ድንጋዩን የሚነካው ጎማ በበዛ ቁጥር ይሻላል። በላይኛው ጨርቅና በጎማው መሃል ያለው ስፖንጅ ደግሞ ከፍ ባለ ቁጥር አስፋልት ላይ ይመቻል፣ ድንጋያማ መንገድ ላይ ግን ቁርጭምጭሚት እንዲታጠፍ ያደርጋል።

11ኛው ከቦንዳ ለሚገዙ ሰዎች ነው የጻፈው። እኔም ከእነሱ አንዷ ነኝና ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ ከኋላ እዪው ይላል። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የበፊቱ ባለቤት ጨርሶታል ማለት ነው። ከዚያ ስፖንጁን በአውራ ጣት ተጫኚው። ጤነኛ ስፖንጅ ገባ ብሎ ይመለሳል፣ ያረጀው እንደ እንጨት ይደርቃል፣ ጎኑ ላይም ጥቅጥቅ ያለ መጨማደድ ይታያል። ቀጥሎ ጫፍና ጫፉን ይዘሽ እጠፊው። መታጠፍ ያለበት የእግር ጣት በሚታጠፍበት ቦታ ነው፤ መሃሉ ላይ ከታጠፈ ተዪው። በመጨረሻ ሶሉና ስፖንጁ የተጣበቁበትን መስመር በጥፍርሽ ሂጅበት። ምንም ያልተለበሰ ጫማም ለዓመታት መጋዘን ከተቀመጠ ማስቲሹ ይለቃል።

12ኛው በዚሁ ላይ የራሱን ምሬት አወጣ። አዲስ ነው ተብሎ የገዛው ጫማ በሦስተኛው ሳምንት ሶሉ ለብቻው ቀረ። ሱቁን ስም ጠርቶ ሊወቅስ ፈልጎ ነበር፣ እንዲተወው ለመንኩት። ስለ ሐሰተኛው ጫማ የሰጠው ምልክት ግን ጠቃሚ ነው። የግራና የቀኙን ምላስ ገልብጦ ሁለቱ ላይ የተጻፈው የሞዴል ቁጥር አንድ መሆኑን ማየት፣ ከካርቶኑ ጋርም ማመሳከር። የእሱ ሁለት ዓይነት ነበር።

13ኛዋ ከዋሽንግተን ዲሲ ናት። ሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ አስፋልቱም የጫካ መንገዱም ጎን ለጎን ስላለ የእኔን ችግር በደንብ ታውቀዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ በድሮው የጀልባ ቦይ ዳር ትሮጣለች፤ ደልደል ያለ የአፈርና የጠጠር መንገድ ነው፣ እስከ ሜሪላንድ ኩምበርላንድ ድረስ 297 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ለዚያ መንገድ ባለ አጭር ጥርሱ ጫማ ፍጹም እንደሆነ መሰከረች፤ እንጦጦን ግን በልጅነቷ ስለምታውቀው ለነሐሴ ጭቃው ዋስ አልሆንም አለች። ከዚያ ወሬው ዘመድ በሚልከው ጫማ ቁጥር ላይ ሄደ። ለወንድሟ 42 ብላ የላከችው ጫማ ስለጠበበው ለጎረቤት ልጅ ተሰጥቷል።

14ኛው መፍትሔ አመጣ። የጫማ ቁጥር ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ለዘመድ ቁጥር አትላኩ አለ። ማታ፣ እግር ቀኑን ሙሉ ቆሞ ካበጠ በኋላ፣ ወረቀት ላይ ቆሞ ዙሪያውን በእርሳስ ማስመር፣ ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት ያለውን በሴንቲ ሜትር ለክቶ መላክ ነው። አብዛኞቹ ጫማዎች ምላሳቸው ላይ የሴንቲ ሜትር ቁጥርም አላቸው። ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ከረጅሙ ጣት ፊት አንድ አውራ ጣት የሚያህል ቦታ መቅረት አለበት። አለበለዚያ ጥፍር ይጠቁራል።

15ኛዋ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። አንዱ መሃል ላይ ጠፍጣፋ እግር ያለው ሰው እንዲህ ዓይነት፣ ጎባጣ ያለው እንዲያ ዓይነት ጫማ ይግዛ ብሎ ነበርና እሱን ነው ያረመችው። በአሜሪካ ወታደሮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በእግር ቅርጽ ተመርጦ የተሰጠ ጫማ ጉዳትን እንዳልቀነሰ አሳይተዋል አለች። የተሻለው መመሪያ ምቾት ነው፤ ሱቅ ውስጥ አድርጎ ጥቂት መሮጥ፣ የሚቆነጥጥ ነገር ካለ መተው። በጥብቅ ያስጠነቀቀችው በድሮፕ ላይ ነው። ድሮፕ ማለት ተረከዝ ከፊተኛው የእግር ክፍል የሚበልጥበት ከፍታ ነው። ከ10 ሚሊ ሜትር በአንድ ጊዜ ወደ 4 የወረደ ሰው፣ በተለይ ዳገት የሚወጣ ከሆነ፣ ባቱና የተረከዙ ጅማት ይጮኻል። ቀስ በቀስ ነው መልመድ ያለበት።

16ኛውና 17ኛው ከርዕስ ወጡ። አንዱ በዚያ ሰዓት ጅብ አያስፈራሽም ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ሌላው ስለ ባሕር ዛፉ አነሳ፣ በምኒልክ ዘመን የማገዶ እጥረቱን ለማቃለል ከአውስትራሊያ መምጣቱን፣ ቅጠሉ በቶሎ እንደማይበሰብስ፣ ያዳለጠኝም እሱ እንደሆነ። ለጅቡ የመለስኩት ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር እንደምወጣ ነው።

18ኛው ላይ ነገሩ ከረረ። ጸሐፊው ባለ ካርቦኑን ጫማ፣ ማለትም ስፖንጁ ውስጥ ጠንካራ ካርቦን የተቀበረበትን የውድድር ጫማ እንድገዛ፣ እሱም ዘንድ እንደሚገኝ ጻፈ። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ 138 ግራም በሚመዝን የአዲዳስ ጫማ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ሮጣ የሴቶች ማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን መስበሯን አስታወሰ። 19ኛው እዚህ የመጣኸው ለመሸጥ ነው ብሎ ጮኸበት። 20ኛው ነጋዴውም ሰው ነው፣ ሥራውን ይሥራ ሲል ተከላከለ። ስድብም ገባበት። እኔ ገብቼ ስልክ ቁጥሩን እንዲያነሳው ጠየቅኩት፣ አነሳው። የፋብሪካው ሰው ተመልሶ ያንን ጫማ ለምን እንጦጦ ላይ ማሰብ እንደሌለብኝ አስረዳ። ለደልዳላ አስፋልት ውድድር የተሠራ ነው። ስፖንጁ ሕጉ እስከሚፈቅደው 40 ሚሊ ሜትር ተጠግቶ ከፍ ያለ፣ ሶሉ ስስ ነው። የዛፍ ሥር ላይ ቁርጭምጭሚት እንዲታጠፍ ያደርጋል።

21ኛዋ ውሃ የማያስገባ ጫማ ልግዛ ወይ ብላ ጠየቀች። አሠልጣኙ ተዪው አላት። ኩሬ ውስጥ ስትገቢ ውሃው የሚገባው በላይ፣ በቁርጭምጭሚትሽ በኩል ነው፤ ከገባ ደግሞ መውጫ የለውም። ወንፊት ጨርቅ ያለው እየሮጥሽ ውሃውን ይተፋል። የረጠበ ጫማን ከሰል አጠገብ ማድረቅ ማስቲሹን ይፈታዋል፣ ስፖንጁንም ያኮማትረዋል። የውስጥ ሶሉን አውጥቶ ጋዜጣ መጎስጎስ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ጋዜጣውን መቀየር፣ ጥላ ውስጥ ማሳደር ነው።

22ኛው መልስ የዚያ የ3ኛው ሰው ነበር። 6ኛዋን ስለ እናቷ ይቅርታ ጠየቃት። እሱም በልጅነቱ በበረባሶ ሮጦ እንዳደገ፣ ዛሬ ጉልበቱ ስለሚያመው ጭቃ ላይ እንደማይወጣ ጻፈ። እሷም እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ ብላ መለሰችለት።

23ኛው የእኔ ነው። የልጄን ማስመሪያ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ቦንዳ ተራ ሄድኩ። አራት ሱቅ ዞርኩ። ጫማ እየገለበጥኩ ጥርሱን ስለካ ሻጮቹ ከበቡኝ፣ አንዱ ማስመሪያውን ተቀብሎኝ ራሱ መለካት ጀመረ። በመጨረሻ ጥርሱ ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል የሚሆን፣ መሃሉ ላይ ተጠጋግቶ ዳርዳሩ ላይ የተራራቀ አንድ ጫማ አገኘሁ። ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ስፖንጁ ተጭኜው ተመለሰ። ሲታጠፍ ጣቴ ጋ ታጠፈ። ድሮፑን የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም፣ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ዳገቱን በእርምጃ ነው የወጣሁት።

አስፋልቱ ላይ ምንም አይቆረቁርም። ጫካ ውስጥ ያንን የወደቅሁበትን ቁልቁለት አራት ጊዜ ወርጄዋለሁ፤ እርጥብ ቅጠሉ ላይ አንዴ ሸርተት አደረገኝ፣ ግን ወዲያው ያዘኝ። ወፍራም ጭቃ ሲሆን ጥርሱ ይሞላል፣ 2ኛዋ እንዳለችው። ያን ዕለት ጫካውን ትቼ አስፋልቱን እደግመዋለሁ። የማይሆነው እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ነው። እዚያ ከድሮው ጫማዬ የባሰ ያዳልጣል። ከቤቴ እስከ አስፋልቱ ያለውን ቁራጭ መንገድ ዝናብ ካለ አልሮጥበትም፣ በእግሬ ሄጄ ከአስፋልቱ እጀምራለሁ።

24ኛዋ እዚያው ሱቅ 39 ቁጥር አይተሽ ነበር ወይ ብላ ጠይቃኛለች። ያየሁት አንድ ጥንድ ብቻ ነበር፣ እሱንም እኔ ወስጄዋለሁ። ሻጩ ግን አዲስ ቦንዳ የሚፈታው ማክሰኞ ጠዋት ነው ብሎኛል።